ውሻችሁ ድንገት ሲሞት፦ የገደለውን ለማወቅ፣ ቤቱን ለመጠበቅና ሐዘኑን ለመቻል

ውሻችን መከታ ዓርብ ማታ ደህና ነበር። እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ። ሌሊት ጅብ ሲጮኽ እንደ ልማዱ አጥሩን እየዞረ ጮኸበት። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ፍርፋሪውን በጣሳ ይዛ ስትወጣ ግን አልተነሣም። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ የምድጃው ሙቀት በሚደርስበት ቦታው ላይ በጎኑ ተጋድሞ በዓይኑ ብቻ ተከተላት። ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ መታ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ውሻ እንዲህ ድንገት ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣው ቃል «መርዝ» ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ። «አብልተውት ነው» ተባለ። በአጥር ድንበር ከማን ጋር እንደተቀያየምን ሰፈሩ ያውቃል፤ የሰውየው ስም ተነሣ። አጎቴ ዱላውን ይዞ ብድግ አለ። ያስቆመችው እናቴ ናት። «ቆይ፣ መጀመሪያ የገደለውን እንወቅ» አለች። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ሲከፍተው ሆዱ ውስጥ ደም ሞልቷል። ጣፊያው ላይ የበቀለ እጢ ፈንድቶ ነው። ማንም ምንም አላበላውም።

የሞቱን ምክንያት ማወቅ ውሻውን አይመልስም። እኛን ግን ከጎረቤት ጠብ አድኖናል። በሌላ ቤት ደግሞ የልጅ ሕይወት ሊያድን ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከዚያ ልጀምር።

1. ከመንካታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ

ውሻው ገና ነፍሱ ሳለ፣ ወይም እንደሞተ፣ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቆም በሉ። ሰሞኑን ጠባዩ ተለውጦ ነበር? ገራሙ ተናካሽ፣ ቁጡው ደግሞ ድንገት እየተለጠፈ የሚያስቸግር ሆኖ ነበር? ድምፁ ጎርንኖ፣ መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩ ይዝረከረክ ነበር? ውሃ መዋጥ አቅቶት ነበር? እንጨትና ድንጋይ ይነክስ ነበር? ባለፉት ሳምንታት ወይም ወራት ሌላ ውሻ ነክሶታል? የእብድ ውሻ ክትባት ከወሰደ ስንት ጊዜ ሆነው?

ለአንዱም «አዎ» ካላችሁ፣ ወይም ክትባቱ ከሌለው፣ አፉን አትንኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻው መዋጥ ሲያቅተው አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። ሰው አዝኖለት እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። ላምም ሆነ አህያ በእብድ ውሻ ስትነከስ እንዲሁ የታነቀች ትመስላለችና እዚያም ተጠንቀቁ።

የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ ውሻው በጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ለሃጭ ሁሉ ግን እብደት አይደለም። መርዝም ለሃጭ ያስዝረከርካል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ እንደ እብድ ውሻ ቆጥራችሁ ተጠንቀቁ።

2. ነፍሱ ካለ፦ ድዱን እዩ

የእብደት ጥርጣሬ ከሌለና ክትባቱ በጊዜው ከሆነ ብቻ የላይ ከንፈሩን በቀስታ ወደ ላይ ገልጡ። ድዱን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። የጫናችሁበት ቦታ ይነጣና ቀለሙ ይመለሳል። በጤነኛ ውሻ 2 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ሮዝ ይሆናል። (ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ውሻ አለ። የዓይኑን የታችኛ ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ።)

እኔ የመከታን ከንፈር ሳነሣ ድዱ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። ስጫነው ምንም ለውጥ የለም፤ ከመጀመሪያውም ነጭ ነው። ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። አሁን አውቃለሁ፦ ነጭ ድድ ደም እየፈሰሰ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ውስጥ። ሰማያዊ ከሆነ አየር አጥሮታል። እንደ ሸክላ ከቀላ ከባድ ኢንፌክሽን፣ መርዝ ወይም የሙቀት መታመም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሆዱን ዳብሱ። እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው? ሊያስመልስ እየታገለ ምንም አይወጣለትም? ይህ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ የተጠማዘዘበት ውሻ ምልክት ነው። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ላይ ይበዛል። የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ ያለው ጊዜም ሰዓታት እንጂ ቀናት አይደለም። ቴርሞሜትር ካለ ከጅራቱ ሥር ለኩት፤ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ነው። እኛ ሰዎች ትኩሳት የምንለው ለእሱ ጤና መሆኑን ልብ በሉ።

ማድረግ የሌለባችሁ ደግሞ አለ። እኛ ሀገር መርዝ ሲጠረጠር ወተት በግድ መጋት የተለመደ ነው። ወተት ማርከሻ አይደለም። የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ውሻ አፍ ውስጥ የሚፈስ ነገር ሁሉ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ዘይት፣ ጨው፣ የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ። ሐኪም ሳይል ለማስመለስ አትሞክሩ። በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ጸጥ ያለ ቦታ አድርጉት፣ ለሐኪም ደውሉ፣ ባጃጅም ሆነ ጋሪ ፈልጋችሁ ውሰዱት። የበላው ነገር ወይም ማሸጊያው ከተገኘ በፌስታል አድርጋችሁ አብራችሁ ውሰዱ። አወዳደቁንና እንቅስቃሴውን በስልክ ቅረጹት። ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ለሐኪሙ ከአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል።

3. ምልክቶቹን ከጊዜው ጋር አያይዙ

ከሞተ በኋላ ትልቁ ጥያቄ «ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሞቱ ስንት ጊዜ ወሰደ?» የሚለው ነው። ዕድሜው ሁለተኛው ነው። ከማስታወሳችሁ ሳይጠፋ ጻፉት።

በደቂቃዎች ወይም እስከ ሁለት ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ፣ እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀው፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ በር ሲንኳኳ ወይም ሰው ሲነካው እየባሰበት ከሞተ ስትሪክኒን ይጠረጠራል። በየከተማው ባለቤት አልባ ውሾችን ለማጥፋት በሥጋ ውስጥ ሲሰጥ የኖረ መርዝ ነው፤ የቤት ውሻም ያገኘዋል። ለሃጩና እንባው ከፈሰሰ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ጡንቻው ከተርገበገበና ተቅማጥ ካጣደፈው እንደ ማላታይን ያለ የፀረ ተባይ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ይህ ክፉ ሰው ሳይኖርም ይደርሳል። እህል የተከመረበት ጎተራ አጠገብ የፈሰሰ፣ በግ የተረጨበት፣ ባዶ ጣሳው ያልተቀበረ ሁሉ ይበቃዋል።

የአይጥ መርዝ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንደኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። ውሻው በበላው በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ከአፍንጫው ወይም በሰገራው ደም ይታያል። በጊዜ ከተደረሰበት በቫይታሚን ኬ ይታከማል። ስለዚህ «ከበላ ሦስት ቀን ሆነው፣ ደህና ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። ሌላው ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ነው፤ ትውከቱ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ጋዙ ሰውንም ይጎዳልና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካስመለሰ መስኮት ክፈቱና ውጡ።

ቡችላ ከሆነ፣ በተለይ ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ያለ፣ ካስመለሰውና ሽታው የሚሰነፍጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው መጀመሪያ ፓርቮን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1978 የታወቀ ቫይረስ ነው። ከተያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይታመማል። ሕክምና ካላገኘ አብዛኛው ይሞታል። ሕክምና ካገኘ ግን ብዙው ይድናል፤ ግሉኮስና ማስመለሻውን የሚያቆም መድኃኒት ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ ቫይረስ ከዚህ ይዘገያል። በዓይንና በአፍንጫ መግል ይጀምርና በሳል አልፎ፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ወደ መንቀጥቀጥ ይደርሳል።

ያረጀና ግዙፍ ውሻ ትናንት ሲሮጥ ውሎ ዛሬ ቢወድቅ፣ ድዱም ነጭ ቢሆን፣ እንደ መከታ የጣፊያ እጢ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የደም ሥር ካንሰር ነው። በጣፊያ፣ በጉበት ወይም በልብ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት መፈንዳቱ ነው። ቀድሞ ቢታወቅና ጣፊያው ቢወጣ እንኳ በአብዛኛው የሚገኘው ጥቂት ወራት ነው። ይህን ሐኪሙ ሲነግረኝ በደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ትንሽ ቀለለልኝ። ሐሙስ ዕለት «ዛሬስ ደከም ብሎታል» ብዬ ዝም ማለቴ ሲያንገበግበኝ ነበር።

4. የእብድ ውሻ ጥርጣሬ ካለ፦ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ይህን አድርጉ

የነከሰው፣ የቧጨረው፣ ወይም ቁስሉን፣ ዓይኑን፣ አፉን በምራቁ የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና ክትባት ጠይቁ። «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከምልክቱ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። ጤናማ ቆዳ ላይ ውሻውን መደባበስ ብቻ አያስይዝም፤ በከንቱ አትሸበሩ።

ልጆችን ለየብቻ ጠይቁ። ልጅ እንዳይቆጡት ብሎ ንክሻ ይደብቃል። ሱሪውን ገልጣችሁ ባቱንና ቁርጭምጭሚቱን እዩ። የምትጠይቁት ውሻው ከመታመሙ በፊት ያሉትን 10 ቀናት ጨምሮ ነው፤ ምራቁ ምልክቱ ከመታየቱ ከቀናት በፊት ጀምሮ ቫይረሱን ሊይዝ ይችላል።

እኛ ዘንድ ውሻ የነከሰው ሰው መጀመሪያ ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል። ሸንኮራ ዮሐንስ ድረስ የሚጓዝ አለ። እኔም በጠበል የማምን ሰው ነኝ። ግን መንገዱ ቀናት ይወስዳል፤ ክትባቱ ቀናትን አይጠብቅም። ክትባቱን ጀምራችሁ ወደ ጠበሉ ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ውሻው እብድ መሆኑን በእርግጠኝነት የሚያሳየው የአንጎል ምርመራ ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ምርመራ ሲሠራ የኖረ ተቋም ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናሙናውን የሚያወጣው የእንስሳት ሐኪም እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ሬሳውን ጥላ ውስጥ አስቀምጡና ለወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የተነከሰ ሰው ደግሞ ውጤት አይጠብቅ፤ ክትባቱን በዚያው ቀን ይጀምር።

5. ሐኪሙ እንዲከፍተው ጠይቁ

ይህን መጠየቅ ከባድ ነው። እናቴ ፊቷን አዙራ ነው «ይክፈቱት» ያለችው። ግን መርዝ ነው፣ በሽታ ነው የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ይህ ነው። በቶሎ መሆን አለበት፤ በደጋው ብርድ ጥቂት ይቆያል፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን በሰዓታት ይበላሻል። አታጥቡት። በእጃችሁ ጓንት ወይም ፌስታል አድርጋችሁ ብቻ አንቀሳቅሱት።

ሐኪሙን እንዲህ ጠይቁ፦ ያዩት ምንድን ነው? ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወደ ሰው ወይም ወደ ሌላው ውሻችን ይተላለፋል? ቀድመን ብናመጣው ይድን ነበር? የመጨረሻውን ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር። መልሱ «አይድንም» ሆነ። «ይድን ነበር» ቢለኝም ኖሮ መስማቱ ሳልሰማ በሐሳብ ከመሰቃየት ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ ቢያንስ ይቅርታ የምጠይቅበትን አውቃለሁ።

እርግጠኛ መልስ ላይገኝም ይችላል። ያን ጊዜ «አይታወቅም» ብላችሁ ተቀበሉ። ክፍተቱን በጎረቤት ስም አትሙሉት።

6. መቅበርና ማጽዳት

ከወንዝና ከውሃ ጉድጓድ አርቃችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ቆፍሩ። ጅብ ቆፍሮ ያወጣል፤ ከላይ ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩ። በከተማችን በሚያልፈው በበሬሳ ወንዝ ዳር የተጣለ ውሻ አይቼ አውቃለሁ፤ የታችኛው ሰፈር ከብት ከዚያው ይጠጣል። በመርዝ የሞተን ውሻ ሜዳ ላይ መጣል ደግሞ ቁራውን፣ አሞራውንና የሌላ ሰው ውሻን መግደል ነው።

መሬቱ ደርቆ ነበርና ጉድጓዱ አልገፋልን አለ። ያኔ ስሙ የተነሣው ጎረቤታችን ዶማውን ይዞ መጣ። ምን እንደተባለ ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምንም ሳይል ቆፈረ። እናቴ ቡና አፍልታ ጠራችው።

ተላላፊ በሽታ ከነበረ ማሰሮውን፣ ወለሉን፣ ማሰሪያውን በሳሙና እጠቡና በበረኪና ድገሙት፤ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ። ፓርቮ ተራ ሳሙና አይገድለውም። በአፈር ውስጥ ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል።

7. ሐዘኑ

«ለውሻ ይለቀሳል እንዴ?» የሚል ይመጣል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እኛ ለሐዘን ሥርዓት አለን፤ ድንኳን አለ፣ እድር አለ፣ ንፍሮ አለ። ውሻ በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሐዘንተኛው ሐዘኑን የሚያስቀምጥበት ያጣል። ያፍርበታል።

አታፍሩበት። ለመንዝ እረኛ ልጅ ውሻ ማለት ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ አብሮት የሚውል ብቸኛ ነፍስ ነው። ዳቦውን ያካፍለዋል። ቀበሮ ወደ በጎቹ ሲጠጋ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። ልጁ ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ!» ብላችሁ አትቆጡት።

እናቴ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ስትሄድ መከታ እስከ ቅጥሩ በር ይሸኛታል። አይገባም፤ ያውቃል። ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ እስክትወጣ ይጠብቃታል። ከሞተ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ በሌላኛው በር ወጥታ፣ በላይኛው መንገድ ዞራ መጣች። ለምን እንደዞረች አልጠየቅኋትም። ለሦስት ሳምንት እንዲሁ አደረገች፤ ከዚያ አንድ ቀን በታችኛው መጣች። የእናንተም ሐዘን በራሱ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፤ አታጣድፉት።

የረዳኝን ልንገራችሁ። ውሻውን ከሚያውቅ አንድ ሰው ጋር ስለ እሱ ማውራት። ከብዙ ሰው ጋር አይደለም፤ አንድ ይበቃል። የሚበላበትን ጣሳ በዚያው ቀን አለመጣል። በመቃብሩ ላይ የጽድ ችግኝ መትከል። ተዝካር እናውጣ ማለት ግን አይገባም፤ ሃይማኖቱንም ሰውንም ያስቀይማል።

ለልጆች «ሞተ» በሉ። «ጠፋ» ወይም «ተኛ» አትበሉ። የእህቴን ትንሽ ልጅ «ጠፋ» ብለናት ነበር። በማግሥቱ የእንጀራ ቁራሽ ይዛ በር ላይ ቆማ ስትጠራው አገኘናት። ከዚያ በኋላ እውነቱን ነገርናት። አለቀሰች፣ «ይበርደዋል?» አለች፣ «አይበርደውም» አልናት፣ ቁራሹን በላችው።

ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ይፈልገዋል፤ ሁለት ቀን ምግብ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በላይ ከሄደ ወይም ካስመለሰው ሐዘን ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ያንኑ በሽታ ይዞት ይሆናልና ሐኪም ይየው።

እንቅልፍ ከሳምንታት በኋላም እንቢ ካላችሁ፣ ሥራም መሥራት ካቃታችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለባለሙያ ተናገሩ። የውሻ ሞት የድሮ ሐዘንን ቀስቅሶ ሊሆን ይችላል።

8. ሌላ ውሻ ለማምጣት

በእጢ ወይም በመርዝ ከሞተ (መርዙ ከግቢው ከተለቀመ) ልባችሁ ሲፈቅድ አምጡ። በፓርቮ ከሞተ ያልተከተበ ቡችላ ወደዚያ ግቢ አታስገቡ።

ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው የመጀመሪያውን የፓርቮና የዲስተምፐር ክትባት ይወስዳል። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው። የእብድ ውሻው በ3 ወር ነው፤ በየዓመቱ አስደግሙት። ጓሳ አካባቢ ላላችሁ ይህ ከቤታችሁ ያልፋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፤ ጓሳ ከቀሩት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በሽታው የሚመጣባቸው ከቤት ውሾች ነው።

እኛ ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ቡናማ ቡችላ አመጣን። እናቴ የመከታን ጣሳ አጥባ አወጣችላት። የክትባቷ ካርድ ማድ ቤቱ በር ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። የሚቀጥለው ቀን ሚያዝያ 12 ነው፤ እናቴ ማንበብ ስለማትችል በየጠዋቱ «ስንት ቀረው?» ትለኛለች።